አባባ በክር የለኩት ቸርኬ

ጎማ እሸጣለሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለችው ሱቄ ደጃፍ ላይ ጎማ ደራርቤ ተቀምጬ ያየኝ አዲስ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ባለቤቱ የለም?» ብሎ ነው። «ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ምን ልታዘዝ?» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ መንገዱን ይቀጥላል። የሚሄደውን አልጠራም። ምላሷ ስለት ነው እያሉ ያሙኛል፤ እውነታቸውን ነው። ገበያ መሀል ያደገች ሴት ምላስ ከሌላት በምን ትኖራለች?

ይህቺው ምላስ ግን አንድ ሰው ፊት ትታሰር ነበር። የባለቤቴ አባት ፊት።

አባባ ላቀው ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተው፣ የዓባይን በረሃ ሲወጡና ሲወርዱ ያረጁ ሰው ናቸው። እናቴ ስትድረኝ «ምራት አማቷ ባለበት ድምጿ ከጓዳ አይወጣም» ብላ መክራኛለች። እኔም ቃሏን ጠብቄ፣ አባባ በተቀመጡበት ከ«እንደምን አደሩ» እና ከ«ይጨመርልዎ» በቀር ሌላ ቃል ተንፍሼ አላውቅም ነበር። ይህቺ እንግዲህ ታሪኩ ከመድረሱ በፊት የነበረችው የሻረግ ናት።

ባለቤቴ ይበልጣል አስተማሪ ነበር። መኪና መፍታትና መግጠም ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ደሙ ውስጥ ያለ ነገር ነው። አንድ ቀን ማስተማሩን ትቶ ጋራዥ ከፈተ። አባባ ይህን ሲሰሙ «እኔ በዘይት የጨቀየሁት አንተ በጠመኔ እንድትነጣ ነበር» አሉት። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። ዝም ስላችሁ፣ የዓመታት ዝምታ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ይበልጣል ይሄዳል፣ ጉልበታቸውን ይስማል፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ እሱ ተመልሶ ይመጣል። ቤት ሲደርስ እራት አይበላም። እኔም አልጠይቀውም።

ያን ዓመት ከጥምቀት በኋላ የአካባቢው ሹፌሮችና መካኒኮች አንድ ነገር አሰቡ። በደምበጫ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ለሆነ ሥራ ተብሎ ገረጋንቲ ፈሶበት በሮለር ከተጠቀጠቀ በኋላ ሥራው የቀረ ሰፊ ሜዳ አለ። እዚያ ላይ አሮጌ ጎማ በኖራ ቀብተን መንገድ እንሥራ፣ መኪኖች አንድ በአንድ ይዙሩ፣ የፈጠነው ይሸለም ተባለ። ይበልጣል በጋራዡ ጓሮ ለዓመታት ሲጠጋግናት የኖረች አሮጌ ኮሮላ ነበረችውና ተመዘገበ። ያን ሰሞን የእኛ ቤት ወሬ ጎማ ብቻ ሆነ።

እሱ ባለ አሥራ አራት ኢንች ይሁን፣ ከፍ ትበል፣ ድንጋይ አይምታት ይላል። የአገራችን ሹፌር መኪናውን ከፍ ማድረግ ነው የሚወደው። እኔ ባለ አሥራ ሦስት፣ ወርዱም ጠበብ ያለ ነው የሚሆናት አልኩ።

«ይቺ ሞተር አሮጊት ናት» አልኩት። «ደጋ ላይ ደግሞ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ትልቅ እግር ካደረግህላት ተንደርድራ ሳትጨርስ ውድድሩ ያልቃል። ትንሽ ጎማ ቶሎ ይነሣል። ገረጋንቲ ላይም መሬት ነክሶ የሚይዘው ጠባቡ ነው፤ ሰፊው ላይ ላዩን ይንሸራተታል።»

«ባለ አሥራ ሦስቱ አልሸጥ ብሎሽ ነው አይደል?» አለኝ እየሳቀ።

«አዎ፣ ለሌላው አልሸጥ ያለኝን ለባሌ ልሽጥለት።»

ሜዳው ላይ ወስደን ሁለቱንም ሞከርናቸው። ተመልሶ ሲወርድ «እሺ እመቤቴ፣ ረታሽኝ» አለ። ባለ አሥራ ሦስቱን ገጠምን። ያ ነገር እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር።

የውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አንዲት ባጃጅ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። የወረዱት አባባ ናቸው። ይበልጣል መኪናው ሥር ተኝቶ ነበርና ድምፃቸውን ሲሰማ ጭንቅላቱን ከብረቱ ጋር አላተመ። አባባ በከዘራቸው ወደ ባጃጇ ጠቁመው «ላንተ ነው፤ አውርደው» አሉ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር።

ማዳበሪያ ውስጥ አራት ቸርኬ ከነጎማው ነበር። ባለ አሥራ አምስት፣ ሰፋፊ፣ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም። ፊታችሁን ታዩበታላችሁ።

አባባ ከደረታቸው ኪስ አንድ ክር አወጡ። ከጋቢያቸው ጥለት የመዘዙት ነው፤ ቋጠሮ ቋጠሮ አለበት። እኛ ቤተ ክርስቲያን በሄድንበት እሑድ የጋራዡን ዘበኛ አስከፍተው ገብተው፣ ከቡሎን እስከ ቡሎን በዚያ ክር ለክተው፣ ቋጥረው፣ አዲስ አበባ መርካቶ ድረስ ይዘውት ሄደዋል። «ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልኩ» አሉ። «ክሬ ከቀዳዳው ጋር እስኪገጥም አልገዛሁም።»

ባለቤቴ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ። ፊታቸውን አላዞሩበትም። እኔም በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ። ልክ አለመሆኑን ግን ገና ማዳበሪያው ሲፈታ አይቼ ነበር። ደስታዬና ፍርሃቴ አንድ ላይ ነው የመጡብኝ።

የገጠመው ጎረቤታችን ምንይችል ነው። ጎማ ሲያፈርስና ሲነፋ የኖረ ጎሚስታ፣ ለይበልጣልም የልብ ወዳጁ ነው። አባባ ወንበር ቀርቦላቸው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ያያሉ። ቀዳዳዎቹ ከቡሎኖቹ ጋር ልክክ አሉ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክሩ አልዋሸም ነበር።

ክር ግን ጥልቀት አይለካም። ይህ ቸርኬ ወፍራም ነው፤ የኮሮላዋ ቡሎኖች ለስስ ብረት የተሠሩ አጫጭሮች ናቸው። ቸርኬው ቡሎኑን ዋጠው፣ ጫፉ ብቻ ቀረ። ምንይችል ዳዶውን፣ ያቺን ማሰሪያ ማለቴ ነው፣ በጣቱ ሲያዞራት ሁለት ዙር ሳትሞላ ጥጓን ያዘች። ደህና የሚይዝ ዳዶ እስኪጠብቅ ብዙ ይዞራል። ምንይችል ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አባባን አየ። ከዚያ ወደ ሥራው ጎንበስ አለ።

ይበልጣልን ወደ ጓሮ ጠራሁት።

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ስንት ዓመት ጠብቄ፣ ዛሬ በእግራቸው መጥተው፣ አይሆነኝም ልበላቸው?»

«ረጅም ቡሎን እናስገባበት።»

«የት አለ? አንቺ ሱቅ አለ?»

አልነበረም። ከአዲስ አበባ ካልመጣ በከተማው የሚሸጥ የለም።

«ነገ ጥቂት ዙር ብቻ ነው የሻረግ። ከነገ ወዲያ አንድ ምክንያት ፈልጌ ቀስ ብዬ አወጣዋለሁ። አደራሽን ዝም በይ።»

ዝም አልኩ። ያን ቀን ሁላችንም ዝም አልን። ሦስት አዋቂ ሰዎች አንድ ሽማግሌ እንዳይከፋቸው ብለን፣ የሚወልቅ ጎማ ገጥመን መረቅን።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ በኮሮላዋ ወደ ሜዳው ወጣን። አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አቧራ የሚያነሣ ንፋስ ግን አለ። አስፋልቱ ላይ ሳለን ምንም የለም። ወደ ሜዳው በሚገባው ጥርጊያ ስንታጠፍ ከፊት በቀኝ በኩል ሰማሁት። ቀጭ። ትንሽ ቆይቶ፣ ቀጭ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አባባ።

«ጠጠር ነው አባባ» አለ ይበልጣል። በመስተዋቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ፊቱ አመድ መስሏል። ሲዋሽ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሜዳው ሰው በሰው ሆኗል። ባጃጆች በአንድ በኩል፣ ሚኒባሶች በሌላ በኩል ተኮልኩለዋል። መንገዱ በስተመጨረሻ በደንብ ይጠመዘዛል፤ መጠምዘዣው ጥግ ላይ የአፈር ክምር አለ፤ ሰው ሁሉ ደህና አድርጎ ለማየት እሱ ላይ ነው የተቀመጠው። እናቶች ልጅ አቅፈው፣ ሽማግሌዎች ጃንጥላ ዘርግተው። መኪናው ሲጠመዘዝ ክብደቱ የሚያርፈው በቀኝ ጎማው ላይ፣ በእነሱ በኩል ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኔ የፈራሁት ነገር መድረሻው የት እንደሆነ በዓይኔ አየሁት።

ይበልጣል ለማሟሟቂያ ብቻውን አንድ ዙር ዞረ። ሰው ያጨበጭባል፣ እኔ ድምፁን እቆጥራለሁ። በፊታችን ሲያልፍ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ከአሁን በፊት ያልነበረ ፍጥነት አለው። ሲቆም ጎማው ከፓራፋንጎው፣ ከጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ ጋር ተፋጭቶ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ምንይችል መፍቻ ይዞ ደረሰና የፊት ቀኙን አጠበቀ። ሲነሣ አጠገቤ ቆሞ መሬት መሬት እያየ፣

«ጠዋትም አጥብቄው ነበር» አለኝ።

«ንገራቸው እንጂ።»

«እኔ? ለጋሽ ላቀው?» ላቡን በክንዱ ጠረገ። «እኔ እኮ ባዳ ነኝ፤ አንቺ ቤተሰብ ነሽ።»

«አንተ ወንድ ነህ። ምራት አማቷን በአደባባይ እንዴት ትናገራለች?»

«እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ብሎ ሄደ። ነገሩን ለእግዜር ከሰጠነው በኋላ ማናችንም የምንሠራው አጣን።

ተራው ሲደርስ የይበልጣል ስም ተጠራ። ያኔ አባባ ከወንበራቸው ተነሡ።

«እኔም እገባለሁ» አሉ። «ልጄ በጎማዬ ሲሮጥ ከውጭ ሆኜ አላይም።»

አስተባባሪው ትንሽ አንገራገረ፤ ሰዉ ግን «ይግቡ፣ ይግቡ» አለ። አባባ ገቡ። ቀበቶአቸውን ይበልጣል ራሱ አሰረላቸው። አባባ ግን እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ የጎደለው ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል። ከዘራቸውን በመስኮቱ አውጥተው ለሰዉ ወዘወዙት።

አሁንም ሳስበው እግሬ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። በሱቄ ሽርጥ ኪስ ሁልጊዜ የማትለየኝ የቫልቭ መፍቻ አለች፤ በዚያ ቀን የበዓል ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ምን ትሠራ እንደነበር ታምር ነው። ሞተሩ ተነሥቷል። ባንዲራ የያዘው ልጅ እግር እጁን አንሥቷል። እኔ መኪናው ፊት አልፌ፣ በአባባ በኩል ባለው ጎማ ሥር ነጭ ቀሚሴን ለብሼ አቧራው ላይ ተንበረከክሁ። የቫልቩን ክዳን ጣልኩት። ነፋሱን የሚይዘውን መርፌ ፈታሁት።

ነፋሱ እየፎጨ ወጣ። ጎማ ከሰው ጩኸት በላይ ይሰማል ለካ።

«የሻረግ፣ አበድሽ እንዴ?» የይበልጣል ድምፅ ነው። ሞተሩ ጠፋ። የአባባ በር ሲከፈት ሰማሁ። እግራቸው አጠገቤ መጥቶ ቆመ። አንድ ጥላ በጎማው ላይ ወደ ላይ ተነሣ። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ቀና ግን አላልኩም። መፍቻዬን ከቫልቩ ላይ አላነሣሁም። መኪናዋ ቀስ እያለች ወደ እኔ ዘመመች፤ ቸርኬው መሬት ነካ።

ያኔ ነው ቆሜ ዓይናቸውን ያየሁት። «አባባ» አልኳቸው፣ «ቸርኬው ልኳ አይደለም። ቡሎኑን ይንኩት።»

በሕይወቴ ለእሳቸው የተናገርኩት የመጀመሪያው ሙሉ ነገር ይህ ነው። ፊታቸው ጠቁሯል። ይበልጣል ዞሮ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ፤ «አዋረድሽኝ» ይላል፣ ደጋግሞ እሱን ብቻ። አባባ ሁለታችንንም አላዩንም። ከዘራቸውን መሬት ላይ አኖሩ፤ በዚያ ዕድሜያቸው በአንድ ጉልበታቸው ወረዱና ዳዶውን በጣታቸው ያዙ።

ዞረ። በባዶ ጣት ዞረ። ምንይችል አሁን በመፍቻ ያጠበቀው ነው። ሁለተኛውን ያዙ፣ እሱም ዞረ። ሦስተኛውን ገና ሲነኩት መዳፋቸው ላይ ወደቀ። ጥርሱ ተልጦ፣ የብረት ዱቄት ይዞ ነው የወጣው። አራተኛው ብቻ ነበር የያዘው። አንድ ዳዶ።

አባባ ቀና አሉና ወደ መጠምዘዣው፣ ወደዚያ የአፈር ክምር አዩ። ከእናቶቹ አንዷ ልጇን እያጠባች ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ መዳፋቸው ላይ የወደቀችውን ዳዶ ኪሳቸው ከተቷት፤ ከዘራቸውን አነሡ፤ ማንንም ሳይሰናበቱ ወደ አስፋልቱ በእግራቸው ሄዱ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ሊከተላቸው የደፈረ የለም።

ወሬው እኛን ቀድሞ ከተማ ገባ። «የጎማ ሻጯ አማቷን በሰው መሀል አዋረደች» ተባለ። ስለ ዳዶው ያወራ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ስለ ቀሚሴና ስለ ምላሴ ግን ሁሉም አወራ። እናቴ እንኳ «ምነው ልጄ፣ በጆሮአቸው ብትነግሪያቸው» ብላ ላከችብኝ። ይበልጣል ያን ዕለት አላናገረኝም። በማግሥቱ ሲናገር ደግሞ ባይናገር ይሻል ነበር።

«ስንት ዓመት የጠበቅኋቸውን አባቴን ከጎማው ጋር አስተነፈስሻቸው» አለኝ።

ልቤ ተቆረጠ። ግን መለስኩለት፤ «በሕይወት ያለ አባት ይታረቃል» አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ እሱ በአንድ ክፍል፣ እኔ በሌላ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ይሉኝታ መጥፎ ነው ብላ ልትነግረን ነው እንዳትሉ። ይሉኝታ የሌለው ሰው ጎረቤት አይሆንም፤ እኔም ዛሬም ድረስ አባባ ሲገቡ ብድግ እላለሁ። ነገር ግን «ዝም አይነቅዝም» እየተባልኩ አድጌ፣ ዝምታ ሲነቅዝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥም፣ ሱቅም፣ ልቅሶ ቤትም ሰው ተሰብስቦ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማንም ሳይናገረው ሲቀር ያን ድምፅ እሰማለሁ። ያኔ እናገራለሁ። አንዳንዴ እሳሳታለሁ፤ የተጣላኝም ሰው አለ። እንቅልፌን ግን እተኛለሁ።

አባባ በራቸውን ዘግተው ሰነበቱ። ይበልጣል ሁለቴ ሄዶ «ተኝተዋል» ተብሎ ተመለሰ። ፋሲካ ሲቃረብ አንድ የገበያ ቀን፣ ሱቄ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ፣ ከዘራቸው ደፉን ሲመታ ሰማሁ። ብድግ አልኩ። ደንበኞቹን በሙሉ አስተናግጄ እስክጨርስ ከተደረደሩት ጎማዎች አንዱ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ያ ሁሉ ሰው ከወጣ በኋላ ከኪሳቸው ያቺን ጥርሷ የተላጠ ዳዶ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«ለዚያች መኪና ልኩ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ባለ አሥራ ሦስት ነው አባባ።»

«ባለ አሥራ ሦስት» አሉ፣ እንደሚያጠና ተማሪ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያሻሹታል።

«ያን ቀን ይህን አንሥቼብሽ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ አባባ።»

«ጎንበስ ብለሽ አልነበር? በምን አየሽ?»

«ጥላው ጎማው ላይ ወድቆ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ለምን አልሸሸሽም?»

«ነፋሱ ገና አላለቀም ነበር» አልኳቸው።